ሠዓሊ ያነሣሣው አትክልትና ሕግ የጠበቀው ጓሳ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



መሐንዲስ ለዕረፍት በወጣ ጊዜ እንኳ ዐይኑ ከሥራ አያርፍም። ሌላው መንገደኛ የተራራውን ውበት ሲያደንቅ እርሱ የድልድዩን መቋሚያ ይመለከታል፤ ሌላው የአሮጌውን ቤት ታሪክ ሲጠይቅ እርሱ ጣራው የዝናቡን ውሃ በየት በኩል እንደሚያወርድ ይመረምራል። ይህ ጠባይ አንዳንድ ጊዜ የጉዞ ጓደኞችን የሚያሰለች ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው ሁሉ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ መሐንዲሱ «ይህ ነገር ሳይበላሽ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

ይህ ንግግር የሚሽከረከረው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ዙሪያ ነው። ለጥያቄው ማብራሪያ ይሆኑ ዘንድ ሁለት የቅዳሜና እሑድ ጉዞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው በጃፓን የማትሱዌን ከተማና በአቅራቢያዋ የሚገኘውን፣ በአንድ ሠዓሊ ሥራ መነሻነት የተተከለውን የአትክልት ስፍራ የሚያስጎበኝ ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ የሚወጣ ነው። በአንደኛው እያንዳንዱ ዛፍ በሰው እጅ ተተክሏል፤ በሁለተኛው ማንም ሰው አንዲት የሣር ዘለላ አልተከለም። ይሁንና ሁለቱም ለተጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ።

የማትሱዌ ግንብ ዕድል

ማትሱዌ ሆንሹ በተባለው በጃፓን ትልቁ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ የሺማኔ ግዛት ዋና ከተማ ናት። በሺንጂ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ በቦዮችና በድልድዮች የተከፋፈለች ስለ ሆነች የውሃ ከተማ እየተባለች ትጠራለች። ቅዳሜ ጧት ከባቡር የሚወርደው ጎብኚ አስቀድሞ የሚያመራው በኮረብታ ላይ ወደ ቆመው ግንብ ነው። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1611 የተሠራ ሲሆን ማማው በድንጋይ መሠረት ላይ ከእንጨት የተዋቀረ ነው። በጃፓን ከጥንት ጀምሮ እንደ ቆሙ ከቀሩት 12 የግንብ ማማዎች አንዱም እርሱ ነው።

ይህ ማማ ከጦርነትና ከእሳት ብቻ የተረፈ አይደለም፤ ከሥርዓት ለውጥም ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ1868 የሜይጂ ዘመን ሲጀመር የመሳፍንቱ አገዛዝ እየፈረሰ ሄደ። ግንቦቹም የአሮጌው ሥርዓት ምልክት ተደርገው ስለ ተቈጠሩ በየቦታው ይፈርሱ ጀመር። በ1875 የማትሱዌ ግንብ ሕንፃዎች ለሽያጭ ቀርበው ሲፈርሱ የማማው ተራ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል አንድ ባለጸጋ ገበሬና አንድ የቀድሞ የመሳፍንት ወታደር፣ ገንዘብ አዋጥተው ማማው እንዳይፈርስ አደረጉ። ከ1950 እስከ 1955 ደግሞ ማማው ክፍል በክፍል ተፈትቶ፣ የበሰበሰው እንጨት ተለውጦ፣ እንደገና ተገጠመ። በ2015 የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ተብሎ ተመዘገበ።

እንግዲህ ዛሬ በማትሱዌ ጎብኚው የሚያየው ማማ በ1611 የነበሩት አናጢዎች ሥራ ብቻ አይደለም። በ1875 ገንዘባቸውን ያዋጡት ሰዎችና በ1950ዎቹ እንጨቱን የፈቱት ጠጋኞች ሥራም ነው። የመጀመሪያዎቹ ባይሠሩት ኖሮ ባልተጠበቀ ነበር፤ የኋለኞቹ ባይጠብቁት ኖሮ ደግሞ መሠራቱ ራሱ በተረሳ ነበር።

ሥዕል እንዲሆን የተተከለ አትክልት

እሑድ ጧት ጎብኚው ከማትሱዌ ተነሥቶ በአጎራባችዋ በያሱጊ ከተማ ወደሚገኘው ወደ አዳቺ ሙዚየም ይሄዳል። የሙዚየሙ መሥራች አዳቺ ዜንኮ እ.ኤ.አ. በ1899 በዚያው አካባቢ የተወለደ፣ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ሙዚየሙን በ1970 ሲከፍት ዕድሜው 71 ዓመት ነበር። ይህ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሠዓሊ ከ1868 እስከ 1958 የኖረውን ዮኮያማ ታይካንን ነበር። ታይካን የጃፓንን የጥንት አሣሣል በአዲስ መንፈስ ካደሱት ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሲሆን፣ በጭጋግ የተሸፈኑ ተራሮችን፣ ጥዶችንና የባሕር ዳር ነጭ አሸዋን በመሣል የታወቀ ነው።

አዳቺ የታይካንን ሥዕሎች ሰብስቦ በግድግዳ ላይ በመስቀል ብቻ አልረካም። የሥዕሎቹ መንፈስ ከሙዚየሙ መስኮት ባሻገር በሕይወት እንዲታይ ፈለገ። ስለዚህ 165,000 ካሬ ሜትር የሚሆን የአትክልት ስፍራ ተዘጋጀ፤ የዋናውን ክፍል ንድፍ ያወጣው ናካኔ ኪንሳኩ የተባለው የአትክልት ቀያሽ ነበር። በአንደኛው ክፍል ታይካን የሣለውን የነጭ አሸዋና የአረንጓዴ ጥድ ዳርቻ የሚያስታውስ ስፍራ ይታያል። በሌላው በኩል፣ ሌላ የታይካንን የፏፏቴ ሥዕል መነሻ በማድረግ፣ ከአለቱ ጫፍ 15 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ በ1978 ተሠርቷል። ከአትክልቱ ባሻገር ያሉት ተፈጥሯዊ ተራሮች የሥዕሉ ጀርባ ሆነው እንዲያገለግሉ ተደርገዋል። የሙዚየሙ መስኮቶች እንደ ሥዕል ክፈፍ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ጎብኚው ወደ አትክልቱ ገብቶ አይራመድም፤ ከቤት ውስጥ ሆኖ እንደ ሥዕል ይመለከተዋል።

እዚህ ላይ ለመሐንዲስ የሚታሰብ አንድ ነገር አለ። ሥዕል ቀለሙ ከደረቀ በኋላ አያድግም። አትክልት ግን በየቀኑ ያድጋል። ጥዱ አንድ ስንዝር ቢረዝም በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሚዛን ይፈርሳል፤ በነጩ ጠጠር ላይ ቅጠል ቢከማች ባሕሩ መሬት ይሆናል። ስለዚህ አትክልተኞቹ ዓመቱን ሙሉ ይከረክማሉ፤ ሙዚየሙ በሩን ከመክፈቱ በፊት በየጧቱ ጠጠሩን ያስተካክላሉ፤ አንድ ጥድ ቢታመም ወይም ከመጠን በላይ ቢያድግ የሚተካው ሌላ ጥድ በመጠባበቂያ ስፍራ ሲያድግ ይቆያል። የጃፓንን አትክልት የሚመለከት አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ይህን ስፍራ በመጀመሪያ ደረጃ ሲያስቀምጥ ቆይቷል። ለደረጃው ያበቃው ንድፉ ብቻ አይደለም፤ ንድፍ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ሲሆን ምስጋናው በየዓመቱ የሚታደሰው ግን ጥበቃው በየጧቱ ስለሚታደስ ነው። በአጭሩ፣ የአትክልቱ ዋና ሥራ የተጀመረው አትክልቱ በተመረቀ ማግስት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጣርማ በር

በኢትዮጵያም ከሠዓሊና ከሥነ ጥበብ ሰው እጅ የወጣ የአትክልት ስፍራ አይጠፋም። በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ የጭቃና የጭድ ግድግዳ እንደ ሸራ ሆኖ ተቀርጾበታል፤ አትክልቱና ሕንፃውም አንድ ሥራ ሆነዋል። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ልስኑን በየጊዜው የሚያድስለት ባለቤት እስካለው ድረስ ብቻ የሚኖር መሆኑን በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ሆኖም ከአዳቺ አትክልት ጋር ለማነጻጸር የሚመረጠው ስፍራ ከዚህ ራቅ ይላል። ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከተማዋ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረች ሲሆን፣ ስሟም በዚያ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። ብርዷ የታወቀ ነው፤ የበግ ሱፍ ሥራዋም እንዲሁ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ አስቀድሞ የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት እየሠራ ብርዱን ሲመክት ኖሯል።

ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ የአንኮበር ተራራ አለ። በአፍሪካ አዳራሽ ታላቅ የመስተዋት ሥዕሉ የሚታወቀው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በዚያ ነው። የአዳራሹ ዕድሳት በ2024 ሲጠናቀቅ ያ የመስተዋት ሥዕልም አብሮ ታድሷል። የሠዓሊው እጅ ካረፈ ከዓመታት በኋላ ሥራው እንዲቀጥል ያደረገው የጠጋኙ እጅ ነው። የማትሱዌው ነገር እዚህም ተደገመ ማለት ነው።

መንገዱ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲቀጥል ጣርማ በር ይደርሳል። በዚያ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የፈለፈሉት፣ ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ይከፍታል። የጓሳ መንገደኛ ግን ወደ ዋሻው አይገባም። በስተ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል በገደሉ አፋፍ ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የዚህን ዓይነቱን ጉዞ አዳጋች ያደረገው መሆኑ መታወቅ አለበት፤ እዚህ የሚነገረው በሰላሙ ጊዜ መንገደኛ ስለሚያየው ነገር ነው።

ማንም ያልተከለው ሜዳ

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፍራ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው። ጧት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ሲነሣ ሣሩ በነፋስ እየተኛ ይነሣል፤ በመካከሉ ጅብራዎች እንደ ቆሙ ዘበኞች አልፎ አልፎ ይታያሉ፤ በሸንተረሩ ላይ አስታ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተሰልፏል። በስተ ምሥራቅ ምድር በድንገት ተቆርጣ ወደ ቆላው ትወርዳለች። የታይካን ጭጋግ ከሸራ ላይ ወጥቶ እዚህ ያረፈ የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ይህ ውበት ግን ለዐይን ብቻ ተብሎ የተጠበቀ አይደለም። የመንዝ ሰው ከጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ለመኝታው ይጎዘጉዘዋል፤ የዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። ከቁጥቋጦው የማገዶ እንጨት ይለቅማል። በድርቅ ዘመን ከብቱ የሚተርፈው በዚህ ሣር ነው። ከዚህም በላይ የሣሩ ጉጦችና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ እንደ ሰፍነግ ይዘው በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃሉ። ስፍራው የውሃ መለያ ድንበር ላይ ስለሚገኝ ከምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ዐባይ፣ በምሥራቁ ገደል የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። ግድብ የሠራ መሐንዲስ የዚህን ዋጋ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት የቆመ የውሃ ማጠራቀሚያ ነውና።

እንዲህ ያለ ጠቃሚ ስፍራ፣ በዙሪያው ብዙ ሕዝብ እየኖረ፣ እንዴት ሳይታረስና ሳይራቆት ቀረ? መልሱ ቄሮ ይባላል።

ቄሮና አሠራሩ

ቄሮ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ የሚነገርለት የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓት ነው። በቃል ሲተላለፍ የኖረው ትረካ እንደሚለው፣ አገሩን አስቀድመው ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ሲሆኑ የርስታቸውን ድንበር በፈረስ ግልቢያ ወሰኑ። የእነርሱ ዘሮች በየወገናቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። የአለቃው ሥራ ጓሳን መዝጋት፣ ማስጠበቅና መክፈት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጓሳ ከተዘጋ ሣሩ እንደ ልብ እስኪያድግ ድረስ 3 ወይም 5 ዓመት ያህል ማንም አይነካውም። በየተራ የሚወጡ ሰዎች ስፍራውን ይጠብቃሉ፤ ደንቡን የጣሰ ሰው ይቀጣል። አባ ቄራው ሣሩ መድረሱን አይቶ፣ የሕዝቡንም ችግር መዝኖ፣ የመክፈቻውን ቀን ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ያስነግራል። መክፈቻው አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ኀይለኛ ወራት፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ግድም ነበር። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን በሚከበረው በሐዋርያት በዓል፣ ስፍራው ተመልሶ ይዘጋል።

ይህን ሥርዓት በመሐንዲስ ዐይን ለሚመለከተው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ መክፈቻው የሚወሰነው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሣሩ ሁኔታ ነው። ድርቅ ከሆነ ቀኑ ይቀርባል፤ ሣሩ ካልደረሰ ይርቃል። ዛሬ ስለ ማሽኖች ጥገና ሲነገር «በጊዜ ሳይሆን በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ጥገና» የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለተኛ፣ አለቃው፣ ጠባቂውና ተጠቃሚው የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ጥበቃው ከሩቅ በሚመጣ ተቆጣጣሪ ላይ አልተመሠረተም። ሦስተኛ፣ ደንቡ ከሕዝቡ የዓመት ኑሮ ጋር ተጣጥሟል። ሣሩ ዕረፍት በሚያገኝበት በክረምት ገበሬው ራሱ በእርሻው ላይ ነው፤ መዝጊያው ቀን ሁሉም የሚያውቀው በዓል ስለ ሆነ ማንም «አልሰማሁም» ሊል አይችልም።

ደንቡ የፈረሰበትና የታደሰበት ዘመን

ቄሮ ፍጹም ሥርዓት እንደ ነበረ አድርጎ ማውራት ግን እውነቱን መሸፈን ይሆናል። የጓሳ መብት ከአስቦና ከጌራ ዘር ለሚቆጠሩት ርስተኞች ነበር። በአጠገቡ እየኖሩ ከዘሩ ያልተቆጠሩ ሰዎች ሣሩን በሩቅ ያዩት ነበር። ጥሩ ጥበቃና ፍትሕ የጎደለው ክፍፍል በአንድ ደንብ ውስጥ ተሳስረው ኖሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ርስት ቀረ። ከርስት ጋር የአባ ቄራው ሥልጣንም መሠረት አጣ። በዘር ያልተቆጠሩት ጎረቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የመጠቀም መብት አገኙ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን መብቱ ሲሰፋ የሚዘጋና የሚከፍት አካል አልነበረም። ለሁሉም የተከፈተ ሜዳ ለማንም የማይጠቅም ሜዳ ወደ መሆን ያዘነብላል። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱ ያለ ወቅት ገባ፤ እርሻውም ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

በ1875 በማትሱዌና ከመቶ ዓመት በኋላ በመንዝ የሆነው ነገር የሚመሳሰለው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ቦታ አሮጌው ሥርዓት ሲወድቅ፣ ሥርዓቱ ሲጠብቀው የኖረው መልካም ነገር አብሮ ሊወድቅ ደረሰ። በሁለቱም ቦታ ነገሩን ያተረፈው የአካባቢው ሰው ነው። በጓሳ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ከጊዜ በኋላ ተመካክረው የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። አዲሱ አሠራር ከቄሮ የመዝጋትና የመክፈትን ጥበብ ወሰደ፤ የዘር ገደቡን ግን ተወ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ስፍራ አድርጎ በደንብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። ጠባቂዎች ከአካባቢው ተቀጠሩ፤ ለጎብኚዎች የኅብረተሰቡ ማረፊያ ቤት ተሠራ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ፍትሕ የሌለው ደንብ ይወድቃል፤ ደንብ የሌለው ፍትሕ ደግሞ የሚካፈለው ነገር ያጣል።

የጥበቃው ምስክሮች

ደንቡ መሥራቱን ከሰው ይልቅ እንስሳቱ ይመሰክራሉ። በዓለም ላይ ያለው የቀይ ቀበሮ ቁጥር፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ብቻ ቢቆጠር፣ ከ500 በታች ነው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋዎች የሚኖር ሲሆን ጓሳ ከመኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ጭላዳም በመንጋ በመንጋ ሆኖ በሜዳው ላይ ይሰማራል።

እዚህ ላይ ጃፓን እንደገና ትነሣለች። በ1970ዎቹ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ሰሜን ተራሮች መጥተው የጭላዳን ኑሮ አጥንተው ነበር። በሰሜን የተደረጉት የዚያ ዘመን ጥናቶች ጭላዳ ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ የሚበላ እንስሳ መሆኑን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጓሳ የተካሄደው ጥናት ግን ሌላ መልክ አሳየ። የጓሳ ጭላዳ ምግብ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ሣር ሲሆን፣ ከሢሶ በላይ የሚሆነው ሣር ያልሆኑ ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው። ከብት ያልረገጠውና እርሻ ያልደረሰበት ሜዳ ለእንስሳው ብዙ ዓይነት ማዕድ ያቀርብለታል። ጭላዳ ሣር ብቻ የሚበላ የመሰለው በከፊል ሌላው ምግቡ በሌላ ቦታ ስለ ጠፋበት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ግኝት የበለጠ ያስደንቃል። በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ይታያል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። በ2015 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ። እንዲህ ያለው የመተማመን ኑሮ በንድፍ አይሠራም፤ ለረጅም ዘመን ያልተረበሸ ስፍራ ብቻ ነው የሚያፈራው።

ለሙያው የሚተርፈው

ክቡራትና ክቡራን፤ እስካሁን የተነገረው ለሙያው ሰዎች የሚነካው በምን በኩል ነው?

በመጀመሪያ፣ ጓሳ ዛሬ የገጠመው ትልቁ ፈተና ከመሐንዲስ እጅ የወጣ ነገር ነው፤ ይኸውም ቆርቆሮ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን የጠበቀው ከምክንያቶቹ አንዱ ቤቱን የሚከድንበት ሣር ስለ ፈለገ ነው። ቆርቆሮ በየመንደሩ ሲገባ፣ ገመድና የዝናብ ልብስም ከሱቅ ሲገዛ፣ ሣሩ ያለው ዋጋ ይቀንሳል። ዋጋው የቀነሰ ሣር ደግሞ ገብስና ድንች ከሚዘራበት መሬት ጋር መወዳደር አይችልም። ቆርቆሮን መከልከል አይገባም፤ የሚያፈስ ጣራ ሥር መኖር ያለበት ሰው የለም። የሚገባው ግን ደንቡ የቆመበት አሮጌው ምክንያት ሲሳሳ አዲስ ምክንያት እንዲተካለት ማድረግ ነው። ውሃው ይህን ሊሆን ይችላል። በታች ያሉት ከተሞችና መስኖዎች የሚጠጡትና የሚያጠጡት ውሃ በከፊል በላይኛው ሣር ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑን በቁጥር አስልቶ ማሳየት የሚችለው መሐንዲስ ነው። ይህ ስሌት ሳይሠራ የቀረ እንደ ሆነ በላይ ያለው ገበሬ ለታች ላለው ሰው ያለ ዋጋ ዘበኛ ሆኖ እንዲኖር መጠየቅ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መንገድ የሚቀይስ ሰው በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ተቋም ነው። በካርታው ላይ ቤት ስለ ሌለ ባለቤት የለውም ብሎ ጠጠር ማውጫ መክፈት፣ ቦይ በረግረግ ውስጥ መቅደድ፣ የአራት መቶ ዓመት ሥራ ያለ ካሣ ማፍረስ ነው። ቀያሹ የአፈሩን ጥንካሬ ከመመርመሩ በፊት የስፍራውን መዝጊያና መክፈቻ መጠየቅ አለበት። የሥራው መርሐ ግብር ከሐምሌ 5 ጋር መጋጨቱን ሳያውቅ የገባ ተቋራጭ ከሕዝቡ ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የጥገና ቦታ ነው። በብዙ ውሎች ውስጥ ጥገና በመጨረሻው ገጽ፣ በትንሽ መስመር፣ «ባለቤቱ ተገቢውን ጥገና ያደርጋል» ተብሎ ይታለፋል። ርክክቡ ይፈጸማል፤ ሪባኑ ይቆረጣል፤ ፎቶግራፉ ይነሣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦዩ በደለል ይሞላል፤ ፓምፑ ይቆማል፤ ለመለዋወጫ የተያዘ ገንዘብ አይገኝም። በአዳቺ ግን ተተኪው ጥድ የሚተከለው የቆመው ጥድ ገና ጤነኛ ሳለ ነው። በጓሳም ሣሩ ከመድረሱ በፊት የሚጠብቀው ሰው ተራ ተመድቧል። በሁለቱም ቦታ ጥገናው የሥራው ተከታይ አይደለም፤ ከሥራው ጋር አብሮ የተነደፈ ነው።

እንግዲህ ማንኛውም የማኅበሩ አባል የሚቀጥለውን ንድፍ ለባለቤቱ ከማቅረቡ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ በጽሑፍ እንዲያያይዝ ማሳሰብ ከዚህ መድረክ የሚጠበቅ ነው። ይህን ሥራ ከርክክቡ በኋላ በየቀኑ የሚያየው ማን ነው? መበላሸቱን በምን ምልክት ያውቃል? ባወቀ ጊዜስ «ዝጉ» ብሎ የማስቆም ሥልጣን አለውን?

አባ ቄራው ትምህርት ቤት ሳይገባ ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ነበረው። የሚያየው እርሱ ነበር፤ ምልክቱ የሣሩ ቁመት ነበር፤ «ዝጉ» ባለ ጊዜም ጓሳ ይዘጋ ነበር። ዛሬ በየወረዳው ያሉት የውሃ ጉድጓዶች፣ ድልድዮችና ትምህርት ቤቶች እንዲህ የሚያያቸው ሰው ቢያገኙ ዕድሜያቸው ይረዝማል።